የአደራ ጥያቄ

ጋሽ ጥያቄ ዛሬ አፉን ሊዘጋ ቃል ገብቷል። ለዚያውም ለልጁ፣ ለዚያውም ምሎ። የሚያውቀው ሰው ይህን ቢሰማ «እሱ? ኧረ ወዲያ!» ብሎ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር፤ ባይስቅ ነው የሚገርመው።

እውነተኛ ስሙ ሌላ ነው፤ ግን ማን ያስታውሰዋል? በዩኒቨርሲቲው ትልቁ አዳራሽ፣ በየወሩ የመጨረሻው ሐሙስ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ «አውሮፓ ዛሬ፦ ፖለቲካ፣ ግጭትና ሰብዓዊ መብት» የሚባል ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር አለ። ተናጋሪው ይናገራል፣ ሰው ይሰማል፣ ከዚያ መድረክ መሪው «እሺ፣ አሁን መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው» ይላል። «ክፍት» የምትለዋ ቃል ገና ከአፉ ሳትወጣ የጋሽ ጥያቄ እጅ ጣሪያ ልትነካ ምንም አይቀራት። ማይክራፎኑን ይቀበላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «በመጀመሪያ መድረኩን አመሰግናለሁ፤ ሁለት ጥያቄና አንድ አስተያየት አለኝ» ይላል። ሁለቱ ጥያቄ አምስት ይሆናሉ። አንዱ አስተያየት ይወልዳል፣ ይዋለዳል። መድረክ መሪው ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ የታሪክ መምህር ነው፤ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ያጋድመዋል። «ጋሼ፣ ይበቃዎታል» ማለቱ ነው። ጋሽ ጥያቄ ግን ሰዓቱ እንደሚያምር ከማየት በቀር ምንም አይገባውም። አንዴ አሥራ አንድ ደቂቃ ጠይቋል። ከሩቅ የመጣችው ተናጋሪ ግራ ተጋብታ «ይቅርታ፣ ጥያቄው የቱ ነበር?» ብትለው፣ «እሱን እኔም እየፈለግሁት ነው» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው።

ታዲያ እንዲያው ወሬ የሚጠማው ለፍላፊ እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ሠርቷል፤ የውጭ አገር ደብዳቤ መለያ ክፍል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የእንጨት መደርደሪያ፣ መደርደሪያው በትንንሽ ሳጥን የተከፋፈለ፣ በየሳጥኑ ግንባር ላይ የአገር ስም የተጻፈበት ወፍራም ካርቶን። ጋሽ ጥያቄ ዐይኑን ጨፍኖ ቢወረውር ደብዳቤው አገሩ ይገባል ይባልለት ነበር። አንድ ጠዋት ግን ከላይ መመሪያ መጣ፦ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ስም የሚጠራ አገር የለም። ባልካን ውስጥ ያለችው አገር ፈርሳለች። አለቃው መሰላል አስመጣና ስሟን ከሳጥኑ ላይ አስነቀለ፤ ካርቶኑን ቅርጫት ውስጥ ጣለው። «ያለውን ደብዳቤ ሁሉ ‹ተመላሽ› እያላችሁ ማኅተም ምቱበት» አለ።

ተራ ተራው ደብዳቤ ተመታ። ከሳጥኑ ሥር ግን ዘጠኝ የአደራ ደብዳቤዎች ነበሩ። የአደራ ደብዳቤ እንደ ሌላው አይደለም፤ ይመዘገባል፣ ይፈረምበታል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ጋሽ ጥያቄ ዘጠኙን ደረቱ ላይ ለጠፋቸውና «አገሩ ጠፋ እንጂ ሰውየው ጠፋ አልተባለም» ብሎ ድርቅ አለ።

«እና ወዴት ልትልካቸው ነው?» አለ አለቃው።

«እጠይቃለኋ!»

ጠየቀም። ጋዜጣ አገላበጠ፣ ሬድዮ ላይ ተጣደ፣ የትኛው ከተማ ለየትኛው አዲስ አገር እንደ ደረሰ ካርታ ላይ በእርሳስ አሰመረ። ቁርስ ላይ ዳቦ እየቆራረሰ ለሚስቱና ለትንሿ ልጁ አዲሶቹን ድንበሮች ያስረዳል፤ አንድ ቀን ሚስቱ ሳታውቅ አንዷን ሪፐብሊክ ሻይ ውስጥ ነክራ በላችበት። እስከ ዛሬ ይነሳባታል። ከዘጠኙ ደብዳቤ ሰባቱ ተቀባያቸው እጅ ገቡ። የሁለቱ ነገር ትዝ ባለው ቁጥር ዛሬም አንጀቱን ይበላዋል። ያቺን ቅርጫት ውስጥ የተጣለች ካርቶንም አንስቶ የኪስ ቦርሳው ውስጥ አኖራት፤ እዚያው ከርማ ጠርዟ ለሰለሰ።

ትንሿ ልጅ አደገች። ያንኑ የዳቦ ድንበር ተከትላ ነው መሰል ሕግ አጠናች፤ ከዚያ አገር አልባ በሆኑ ሰዎች ላይ ዶክትሬቷን ልትሠራ ባሕር ተሻግራ ሄደችና አምስት ዓመት ቆየች። ጋሽ ጥያቄ ጡረታ የወጣውም በሄደች በወሩ ነው። እሑድ እሑድ ስትደውል የምትነግረው ነገር አልገባው አለ። «የአውሮፓ ፍርድ ቤት እንዲህ ብሎ ወሰነ» ስትለው «ጎበዝ!» ይላል፤ የሚጨምረው ያጣል፤ ስልኩ ይዘጋል። አባት ሆኖ «ጎበዝ» ብቻ ብሎ ስልክ መዝጋት ደስ አይልም። ስለዚህ አንድ ሐሙስ አዳራሹ ገብቶ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረም። ጥያቄ የሚያበዛውም ለዚሁ ነው፤ የተመለሰለትን ሸምድዶ ለእሑዱ ስልክ ይሰናዳል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ያፍራል። ሽማግሌ ለልጁ ብሎ የቤት ሥራ ሲሠራ ማን አይቶ ያውቃል?

ልጅቷ ባለፈው ዓመት ዶክተር ተብላ ተመለሰች፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲም ተቀጠረች፤ ሐሙስ ከሰዓት ግን ስለምታስተምር ወደ አዳራሹ ብቅ ብላ አታውቅም። በዚህ ወር ደግሞ ሐሙሱ ለሷ ደረሳት። የመጀመሪያዋ የሕዝብ ንግግር፤ ርእሱ «አገር ሲፈርስ ሰው የት ይገባል?» ጋሽ ጥያቄ ከአዳራሹ ኃላፊ አንድ ማስታወቂያ ለምኖ ወስዶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀላት።

እሑድ ዕለት ልጅቷ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ምን ገዶኝ፤ ሁለት ለምኚኝ።»

«ሐሙስ እጅህን እንዳታነሳ።»

ጋሽ ጥያቄ ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠው።

«አንዲት ጥያቄ እንኳ?»

«ግማሽም።»

«አጭር ብትሆንስ?»

«ያንተ አጭር እኮ አባዬ…» አልጨረሰችውም። «የመጀመሪያዬ ነው። ዲኑ ይመጣል። እባክህ፣ እኔን ብለህ ማልልኝ።»

«አንቺ ትሙቺ፣ እጄን አላነሳም» አለ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ሚስቱ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ነገሩን አፈረጠችው። እሷ ደግሞ ነገር ሆዷ አይውልላትም፤ ያዋለችው ቢበዛ ከቅዳሜ እስከ እሑድ ነው።

«መምህራኑ ሻይ ሲጠጡ ጋሽ ጥያቄ ስለሚባል ሰውዬ እያነሱ ሲስቁ እሷም አብራቸው ሳቀች አሉ። ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ ሲሉ፣ ቡናማ ኮት ሲሉ፣ ደረት ኪሱ ላይ አራት እስክሪብቶ ሲሉ… ገባት።»

«‹አባቴ ነው› አለቻቸው?»

ሚስቱ ያጠበችውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

«አላለቻቸውም» አለች። «ጨንቋት ነው። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ፤ አንተ ደግሞ እንዳትቀየማት።»

አልተቀየመም። የገዛ ልጁን ማን ይቀየማል? ቅስሙ ግን ስብር አለ። ሳሎን ሄዶ ማስታወቂያዋ ፊት ቆመ። የልጁ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ከስሟ ቀጥሎ የአባቷ ስም፣ ማለት የሱ ስም። አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ አዳራሽ ሲቀመጥ አንድ ሰው እንኳ የማያውቀው ስሙ። ቆሞ ደጋግሞ አነበበውና ሄዶ ተኛ፤ ገና በቀን።

ሐሙስ ደረሰ። ሚስቱ «እኔም እመጣለሁ» አለች። በአምስት ዓመት አንድ ቀን ረግጣው የማታውቀውን አዳራሽ! ልጇን ልትሰማ ነው ይባል፤ ግን በር ላይ ኪሱን ፈትሻ የጥያቄ ወረቀቶቹን ሁሉ ስትወስድበት ለምን እንደምትመጣ ግልጽ ሆነ። እስክሪብቶዎቹን ተወችለት። «ያለ እነሱ ኮቱ የሚያምርበት አይመስለኝም» አለች ለራሷ።

አዳራሹ ያው ነው፦ ስትቀመጥባቸው የሚንጫጩ ተጣጣፊ ወንበሮች፣ አንገቱ በፕላስተር የተጠቀለለ ማይክራፎን፣ መድረኩ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ። የአዳራሹ ኃላፊ በሩ ላይ ፕሮግራም የታተመበት ወረቀት ታድላለች። ጡንቻዋ የጠና፣ ሳቋ የሚሰማ ሴት ናት።

«ጋሼ! ዛሬ ስንት ይዘው መጡ?»

«ምንም» አለ ጋሽ ጥያቄ።

«አሞዎታል እንዴ?»

ሚስቱ ክንዱን ይዛ ከሁለተኛው ረድፍ አሳለፈችው፤ አምስተኛውን አሳለፈችው፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከምሰሶው ጥግ አስቀመጠችው። ከአንድ ረጅም ተማሪ ጀርባ። እዚያ ሆኖ መድረኩን ለማየት አንገቱን ማስገግ አለበት። በስተቀኙ ጡረታ የወጣች ነርስ ተቀምጣለች፤ እሷም የአዳራሹ ደንበኛ ናት። «ጋሼ፣ ተሰደዱ እንዴ?» አለችው። «ተፈናቅዬ ነው» አላት።

ፊት ለፊት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ የሱ ወንበር ባዶዋን ቀረች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ያቺን ወንበር ግን ማንም አልደፈራትም። ከጎኗ የሚቀመጠው ባለ መድኃኒት ቤት፣ ሰው በመጣ ቁጥር «ሰው አለው፣ ሰው አለው» እያለ ያባርራል።

ልጅቷ ወጣች። ግራጫ ሹራብ ለብሳለች፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራዋለች። ዲኑ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ወረቀቷን አስተካከለች፣ ቀና አለች፣ ሁለተኛውን ረድፍ አየች። ባዶዋን ወንበር አየች። ለአፍታ አፏ ክፍት እንዳለ ቀረ። ከዚያ ጀመረች።

ጋሽ ጥያቄ ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠባቸው። ቀልድ አይደለም፤ ተቀመጠባቸው።

አቤት ስትናገር! ሳትጮኽ፣ ሳትቸኩል። አገር ስትፈርስ ጦርነቱን ሁሉም ያያል፤ መዝገቡን ግን ማንም አያይም አለች። በአንዲት አዲስ አገር መታወቂያውን ሊያሳድስ ቢሮ ስለሄደ ሰው ነገረቻቸው፤ ጸሐፊዋ መታወቂያውን ተቀብላ በመብሻ በሳችው፣ መልሳ ሰጠችው፣ «የሚቀጥለው!» አለች። ሰውየው ቢሮው በር ላይ ቆሞ ቀዳዳውን በአንድ ዐይኑ አሾልቆ አየ። እዚያው አገር ሠላሳ ዓመት ኖሯል፤ ከመዝገብ ግን ወጥቷል። ሐኪም ቤት የለው፣ ሥራ የለው፣ ባሕር ማዶ ሄዶ የታመመች እናቱን ልጠይቅ ቢል ሲመለስ የሚያስገባው የለ። ከዚያ ወደ ዛሬ መጣች፤ በስደት መንገድ ላይ ስለሚወለዱና የትም ስለማይመዘገቡ ሕፃናት፣ ከጦርነት ሸሽተው ማኅተሙን ማንም በማያውቀው ወረቀት ድንበር ላይ ስለሚቆሙ ሰዎች። አዳራሹ ውስጥ ወንበር እንኳ አልተንጫጫም። ጋሽ ጥያቄ ከተማሪው ትከሻ በላይ ያያል። ዐይኑን ሊጠርግ ፈልጎ እጆቹ ሥሩ መሆናቸው ትዝ አለውና እንባውን ተወው፤ ይውረድ።

ግን አንድ ነገር አላማረውም። ልጅቷ ገጽ በገለጠች ቁጥር ያቺን ባዶ ወንበር ታያለች።

«አመሰግናለሁ» ብላ ጨረሰች። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። መድረክ መሪው ተነሣ።

«እሺ፣ አሁን መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው» አለ፤ እንደ ልማዱም ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ወደ ሁለተኛው ረድፍ ዞረ።

ምንም።

ወንበሯን አየ። ባለ መድኃኒት ቤቱን አየ። ባለ መድኃኒት ቤቱም ወንበሯን አየ። እዚህ ላይ ነገሩ ሊገባችሁ ይገባል፤ በዚያ አዳራሽ ከጋሽ ጥያቄ በፊት ማንም ጠይቆ አያውቅም። ሕግ አይደለም፤ ማንም አላወጣውም። እሱ ሲያረዝም ሌላው የራሱን ያዘጋጃል። ባለ መድኃኒት ቤቱ ጥያቄውን የሚጽፈው በዚያች አሥር ደቂቃ ነው፤ ነርሷ መነጽሯን የምትፈልገው በዚያች አሥር ደቂቃ ነው፤ ዓይን አፋሮቹ ተማሪዎች «ከዚህስ አንብስም» ብለው የሚደፍሩት እሱን ሰምተው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አዳራሹ በጋሽ ጥያቄ ሞተር ሲነሣ ኖሯል፤ ዛሬ ሞተሩ የለም። ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል።

ሰው አሳለ። ዲኑ ስልኩን አወጣ። ልጅቷ ብርጭቆዋን አንስታ ጠጣች፤ ባዶ ነበር። ባዶውን ጠጣች።

«ማንም የለም?» አለ መድረክ መሪው። «እንግዲህ… በጣም ግልጽ ነበር ማለት ነው።»

ልጅቷ ፈገግ ለማለት ሞከረች። አውራ ጣቷ የሹራቧን ጫፍ መፈተል ጀመረ። ጋሽ ጥያቄ ያቺን ጣት ያውቃታል፤ ትምህርት ቤት ግጥም አንብቢ ተብላ ቃሉ ሲጠፋባት እንዲሁ ታደርግ ነበር። መጥፎ ተናግሬ ነው ብላ እያሰበች ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ልቤ ሊፈርጥ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«ምለሃል!» አለች ሚስቱ፣ እጅጌውን ጨምድዳ ይዛ።

«ምዬማ ነው የተቀመጥኩባቸው።»

«እንደዚያው ተቀመጥባቸው።»

ያን ጊዜ ነው አንድ መላ የታየው። እጄን አላነሳም ብሎ ማለ እንጂ አልጽፍም ብሎ አልማለም። እጆቹን ከሥሩ አወጣ፤ ደንዝዘዋል። ወረቀት ቢፈልግ የለም፤ ሁሉንም ሚስቱ ወስዳዋለች። የኪስ ቦርሳውን ከፈተ። ያቺ ካርቶን አለች። ከፊቷ በደብዛዛ ቀለም የፈረሰችው አገር ስም፤ ጀርባዋ ነጭ፣ ስፋቷ ሁለት ጣት። ሁለት ጣት ላይ ሁለት ጥያቄና አንድ አስተያየት አይገባም። ምን ይደረጋል፤ አሳጠረ። አንዲት መስመር ብቻ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶው በልማዱ ወደ ጥግ ሄደ፤ «ላኪ» ሊል። ሠላሳ አንድ ዓመት «ላኪ ያልተጻፈበት አንቀበልም» እያለ ሰው የመለሰ ሰው ነው። እስክሪብቶውን አነሣው። ስሙን ሳይጽፍ ቀረ፤ ከነከነው፤ ተወው።

ቀና ሲል ሚስቱ እጅ ከፍንጅ ይዛዋለች። ካርቶኗን ከእጁ ቀማችው፤ አነበበችው።

«ይቺ ብቻ ናት?»

«ይቺ ብቻ ናት።»

«በአሥራ አንድ ደቂቃ ስትለው የኖርከው ይሄንን ነበር?» አለችና ካርቶኗን በላዩ ላይ አሳልፋ ለነርሷ ሰጠቻት። «ወደ ፊት በይልኝ፣ እህቴ።»

«የአደራ ነው» አለ ጋሽ ጥያቄ። «ከእጅ ወደ እጅ።»

ነርሷ ለረጅሙ ተማሪ ሰጠች፣ ተማሪው ከፊቱ ላለችው፣ እሷ ከጎኗ ላለው። «የአደራ ነው፣ የአደራ ነው» እያለ አዳራሹ ይንሾካሾካል። አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ተሳስታ ሄዳ ተመለሰች። ባለ መድኃኒት ቤቱ ጋ ደረሰች፤ ከባዶዋ ወንበር በላይ አሳለፋት፤ ዲኑ ስልኩን አስቀምጦ ተቀበላትና ተነሥቶ ለተናጋሪዋ በሁለት እጁ ሰጣት።

ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው ፊቷን ነው፤ የአገሪቱን ስም። ያቺን ካርቶን ታውቃታለች፤ በልጅነቷ ከአባቷ ቦርሳ አውጥታ የተጫወተችባት ናት። ቀና ብላ አዳራሹን ጥግ ከጥግ በዐይኗ አሰሰች። ከዚያ ገለበጠቻት።

«ላኪው አልተጻፈም» አለች በማይክራፎኑ። «ግን የእጅ ጽሑፉን አውቀዋለሁ። ‹አገር ሲፈርስ ሰው የማን አደራ ነው?› ይላል።»

አዳራሹ «እ…ም» አለ። ባለ መድኃኒት ቤቱ መጻፍ ጀመረ።

ልጅቷ የተዘጋጀችበትን ወረቀት ወደ ጎን ገፋችው።

«ሕጉ አዲሶቹ መንግሥታት አደራውን ይረከቡ ይላል። እኔም ሦስት መቶ ገጽ የጻፍኩት ይሄንኑ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? መንግሥታት ሲረካከቡ ሰው ከመሃል ይወድቃል። የወደቀውን ብዙ ጊዜ የሚያነሳው አንድ ጠረጴዛ ጋ የተቀመጠ ሠራተኛ ነው። አለቃው ‹መልሰው› ሲለው ‹አገሩ ጠፋ እንጂ ሰውየው ጠፋ አልተባለም› ብሎ ድርቅ የሚል ሠራተኛ። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ሰው ይተርፋል፤ በሌለበት ይሰረዛል። ሕግ የምንፈልገው ነገሩ በሱ ደግነት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ነው። ያቺን አባባል ግን ከመጽሐፍ አላገኘኋትም። ልጅ ሆኜ ቁርስ ላይ ነው የሰማኋት።»

ሚስቱ እጅጌውን ለቀቀችው። በምትኩ እጁን ያዘች።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! የባለ መድኃኒት ቤቱ እጅ ወጣ፣ የተማሪው ወጣ፣ ነርሷ መነጽሯን ሳታገኝ እጇን አነሣች። መድረክ መሪው «አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ!» ይላል። ዲኑ ራሱ ጥያቄ አለኝ አለ። ልጅቷ ግን «አንድ ጊዜ ይቅርታ» አለችና ጎንበስ ብላ ከወረቀቷ ጥግ ቀደደች፤ ጻፈችበት፣ ካርቶኗን ጠቀለለችበት፣ ለዲኑ መልሳ ሰጠችው።

«ይቺ ወደ ላኪዋ ትመለስልኝ» አለች። «የአደራ ናት።»

ጥቅልሏ ወደ ኋላ ጉዞ ጀመረች። «ላኪው ማነው?» «አልተጻፈማ!» «ወደ መጣችበት በላት!» አራተኛው ረድፍ ላይ ተከራከሩባት፤ ረጅሙ ተማሪ ከኋላዬ ነው የተቀበልኳት ብሎ መሰከረ። ነርሷ ለሚስቱ ሰጠቻት። ሚስቱም፣ ያለ አመሏ፣ ሳታነብ ለባሏ ሰጠችው።

ጋሽ ጥያቄ ጥቅልሉን ፈታ። የልጁ ጽሑፍ ከሱው የተቀዳ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ ተለይቶ የሚነበብ።

«አባዬ፣ ወንበርህን ባዶ ሳያት የምናገረው ጠፋኝ። ሲስቁብህ አብሬ ስቄ ነበር፤ ይቅር በለኝ። እጅህን አንሳ።»

አነበበው። እንደገና አነበበው።

«ምያለሁ እኮ» አለ ለሚስቱ።

«ያስማለችህ እሷ፣ የፈታችህ እሷ! አንሳ እንጂ!» አለችና ክርኑን ከሥር ገፋችለት።

ያቺ ጣሪያ የለመደች እጅ ዛሬ ቀስ ብላ ወጣች። መድረክ መሪው ከምሰሶው ጥግ አያት፤ የታሰረ ሰው እንደ ተፈታ ተነፈሰ።

«ጋሼ! የት ጠፍተው ነው?» አዳራሹ ሁሉ ዞረ፤ አንዳንዱ አጨበጨበ። «እባክዎ እንደ ደንባችን ስምዎንና ከየት እንደመጡ ይንገሩን።»

ሰው ሳቀ። እሱን ማን የማያውቅ አለና! በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነበር፤ «ጡረተኛ ነኝ» ይልና ወደ ጥያቄው ይገባል። የአዳራሹ ኃላፊ ማይክራፎኑን እየሮጠች አመጣችለት። ጋሽ ጥያቄ ኮቱን ቆለፈ። ልጁን አየ። ልጁ ራሷን ነቀነቀችለት።

ስሙን ተናገረ። ሙሉ ስሙን፣ እስከ አያቱ።

ከዚያ ወረቀት መንኮሻኮሽ ጀመረ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ፕሮግራሙን አነሣ፤ ተማሪው አነሣ፤ ዲኑ መነጽሩን ገፋ አድርጎ አነበበ። የተናጋሪዋ ስም አለ፤ ከስሟ ቀጥሎ አሁን የሰሙት ስም አለ፤ ከዚያም አያትየው። አንድ በአንድ ቀና አሉ፤ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ሻይ ላይ ሲስቁ የነበሩት መምህራን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ አንደኛው አፉን በእጁ ያዘ።

«አባቴ ነው» አለች ልጅቷ በማይክራፎኑ።

«ጥያቄ የለኝም» አለ ጋሽ ጥያቄ።

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ነርሷ «ጉድ ፈላ!» ብላ ጮኸች። እሱ ግን ማይክራፎኑን አልመለሰም፤ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣

«አንድ አስተያየት ብቻ ነው ያለኝ» አለ።

መድረክ መሪው ሰዓቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተው። ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠችው።

ጋሽ ጥያቄ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በመጀመሪያ» አለ፣ ዐይኑን ከልጁ ሳይነቅል፣ «መድረኩን አመሰግናለሁ።»